አዝማሪ ቤት በአሽሙሩ ሲመዘን

አዝማሪ ቤትን ስንመዝን የምናስቀድመው የአዝማሪውን አፍ ነው። ጠጁ ቢጣፍጥ፣ እስክስታው ቢደምቅ፣ አሽሙሩ ከጠፋ ቤቱ እንደማንኛውም ጭፈራ ቤት ነው። በጎንደርም፣ በባህር ዳርም፣ በአዲስ አበባም አሠራሩ ይመሳሰላል። አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ማሲንቆ ይዞ፣ ሴቷ እያዜመች በእንግዶች መካከል ይዞራሉ፤ ስምና ሥራ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ግጥሙ ይጀምራል።

ብዙ እንግዳ የሚሰማውን ሁሉ «አሽሙር» ይለዋል። በአብዛኛው ግን ተረብ ነው። ተረብ ፊት ለፊት ነው፤ የተነካው ሰው ራሱ ቀድሞ ይስቃል። ለምሳሌ ሳይሸልም ለሚቀርጽ እንግዳ እንዲህ ቢባል፦

እጁ ኪሱ ገባ፣ ማሲንቆ ደስ አላት፣
ስልኩን አወጣና ፎቶ ብቻ አነሳት።

እዚህ የተደበቀ ነገር የለም። አሽሙር ግን ምስጋና መስሎ ይገባል፦

የጌታዬ እህል ደጁ ላይ ይሰጣል፣
ዝናውን የሰማ እንግዳ ይመጣል።

ሰሙ ለመጣው ሁሉ እህል የሚሰጥ ቸር ሰው ያሳያል። ወርቁ ግን ስጥ ነው፤ እህሉ ደጅ ላይ ፀሐይ ሊመታው ተሰጥቶ ማታ ተሰብስቦ ወደ ጎተራው ይመለሳል፣ እንግዳውም ባዶ እጁን ይሄዳል። ሁለቱንም ትርጉም የተሸከመው «ይሰጣል» ነው፤ ኅብረ ቃል የሚባለው እሱ ነው። የተነካው ሰው ቢቆጣ አዝማሪው «እኔ እኮ ያመሰገንሁ ነው» ማለት ይችላል። ያ ማምለጫ ከሌለው አሽሙር መሆኑ ይቀርና ስድብ ይሆናል። ሽሙጥም ሌላ ነው፤ ከንፈር ማጣመምና ንቀት ይበዛበታል፣ ቅኔም አይፈልግም።

ራሳችሁ ግጥም ማቀበል ካሻችሁ ልኩን ያዙ። ሁለት ስንኝ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ሆኖ መሐሉ ላይ የሚተነፍስ፣ የወል ቤት የሚባለው። ማሲንቆው ዝቅ እስኪል ጠብቁ፣ «ተቀበል!» በሉ፣ አንዱን ስንኝ ብቻ ተናገሩና ዝም በሉ። አዝማሪው በዜማ ይደግመዋል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ትሰጡታላችሁ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ የሚሰጥ እንግዳ አዝማሪውን መሐል ላይ ያስጥለዋል። ኅብረ ቃሉን ስንኙ መጨረሻ ላይ ብታስቀምጡት ድጋሚው ጊዜ ይሰጠዋል፤ ቤቱም የሚስቀው በሁለተኛው ዙር ነው።

የዛሬዎቹን ቤቶች ክፉኛ የጎዳው የድምፅ ማጉያው ነው። አማርኛ ቅኔ በመጥበቅና በመላላት ይኖራል፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው። ማይኩ ላይ ማስተጋቢያ ሲጨመርበት ይህ ልዩነት ይዋጣል፣ ሰሙ ብቻ ይቀራል። ኪቦርድ ከተጨመረማ አንድ ክር ያላት ማሲንቆ ጨርሳ አትሰማም። ስለዚህ ጠባብ ክፍል፣ በርጩማ፣ ያለ ማይክ የሚጫወት አዝማሪ ያለበትን ቤት ያለ ማመንታት እንመርጣለን። ማይክ ያለበት ቤት ከገባችሁ ከስፒከሩ ራቁና አዝማሪው ወደሚዞርበት መሐል ተቀመጡ።

ሁለተኛው ጉድለት የተከማቸ ግጥም ነው። ስም ብቻ እየተለወጠ ያው ስንኝ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። መለያው ቀላል ነው፤ ስለ ሥራችሁ ወይም ስለ ልብሳችሁ አንድ ነገር ንገሩትና ግጥሙ ውስጥ ይግባ አይግባ አዳምጡ። ጎበዝ አዝማሪ የመጀመሪያውን ስንኝ እየደጋገመ ሁለተኛውን ያበጃል፤ ያ ድግግሞሽ የሥራው ክፍል ነው፣ አታጣድፉት።

በብሔር፣ በአካል ጉዳት ወይም በሐዘን የሚቀልድ አዝማሪ ሲገጥም ደግሞ ሽልማቱን ከልክሉ። ቤቱ ቶሎ የሚሰማው ቋንቋ ይህ ነው። ለሽልማት ዝርዝር ብር ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ የ200 ብር ኖት መጀመሪያ ላይ ግንባሩ ላይ ከመለጠፍ ባለ 10ና ባለ 50 ኖቶችን ጥሩ ስንኝ በመጣ ቁጥር መስጠት ይሻላል። አዝማሪው የትኛው ግጥም እንደያዘለት የሚያውቀው በዚያ ነውና ቀጣዩን አስልቶ ያመጣል። አንድ ሰው ከናንተ ጋር የሚመጣና ተረብ የማይወድ ከሆነ፣ ስሙ ሲጠየቅ «እሱን እለፈው» ማለት ይበቃል፤ ደንበኛው አዝማሪ ያከብረዋል።