ለጋሾቻችንን በስማቸው እንድናውቅ ያደረገን ሶፍትዌር፦ ሲቪሲአርኤም ከ4 ዓመት በኋላ

አንዲት ሴት ለ2 ዓመት በየወሩ ስትለግሰን ቆይታ በድንገት አቆመች። እኛ ማቆሟን ያወቅነው ከ5 ወር በኋላ ነው፤ ያውም ራሷ ጽፋልን። «ከሒሳቤ ገንዘብ መውጣት ቀርቷል፤ ምስጋናችሁም አይደርሰኝም። ያስቀየምኳችሁ ነገር አለ ወይ?» ይላል መልእክቷ። ለካ ካርዷ ጊዜው አልፎ ባንኩ አዲስ ሰጥቷታል፤ በአሮጌው ላይ የታዘዘው ወርሃዊ ክፍያ በየወሩ ውድቅ ይሆናል። ደብዳቤዋን ሳነብ አፈርኩ።

ድርጅታችን ማየት ለተሳናቸው መጻሕፍትን በድምፅ የሚያዘጋጅ ትንሽ ማኅበር ነው፤ እኔ የለጋሾችን መዝገብ እይዛለሁ። ያኔ ልገሳ የምንሰበስበው በአንድ የመዋጮ ድረ ገጽ በኩል ነበር። ገንዘቡን በሰዓቱ ያስገባልናል፣ በዚያ አልከሰውም። የሚደርሰን ግን አንድ ድምር ብቻ ነው። ለጋሹ ራሱ ካልፈቀደ በቀር ስሙም አድራሻውም እዚያው ይቀራል። ማንን እናመስግን? ማንስ ሲጠፋ እንፈልገው?

ወደ ሲቪሲአርኤም የተዛወርነው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ለማኅበራት ተብሎ የሚሠራ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ዎርድፕረስ፣ ድሩፓል ወይም ጁምላ በሚባሉት የድረ ገጽ መሥሪያዎች ላይ ይጫናል፤ የእኛ ዎርድፕረስ ላይ ነው። «ነፃ» ሲባል ግን አትሳሳቱ። ሲቪሲአርኤም ራሱ ገንዘብ አያንቀሳቅስም፤ ክፍያውን የሚያስፈጽሙት እንደ ስትራይፕና ፔይፓል ያሉ ድርጅቶች ናቸው፣ እነሱም ከእያንዳንዱ ልገሳ ላይ በመቶኛ ያስከፍላሉ፤ ብዙ ጊዜም በዚያ ላይ ቋሚ ሳንቲም ይጨምራሉ። ቋሚዋ ሳንቲም ትንንሽ ልገሳን ክፉኛ ትጎዳለች። ስለዚህ በጣም ጥቂት ለሚሰጡን ሰዎች በየወሩ ከሚከፍሉ በ3 ወር አንዴ አጠራቅመው ቢከፍሉ እንደሚሻል በግልጽ እንነግራቸዋለን።

የምወደው ክፍል የእያንዳንዱ ሰው መዝገብ ነው። አንድ ስም ስከፍት መቼ ስንት እንደሰጠ፣ የትኛው ስብሰባችን ላይ እንደተገኘ፣ ምን ደብዳቤ እንደላክንለት፣ በስልክ ምን እንደተነጋገርን በአንድ ገጽ አገኛለሁ። ደጋፊዎች የራሳቸውን የመዋጮ ገጽ መክፈትም ይችላሉ። አንድ አባት በልጁ የልደት ቀን እንዲህ ያለ ገጽ ከፍቶ 31 ወዳጆቹ ለገሱ። ሶፍትዌሩ ገንዘቡን በሰጪዎቹ ስም መዝግቦ፣ ያስተባበረውንም ሰው ከእያንዳንዱ ልገሳ ጋር አያይዞ አስቀመጠልን። 32 የምስጋና ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የአባትየው ከሌሎቹ የተለየ ነበር።

ድርብ መዝገብ ግን ብዙ አድክሞኛል። ያው ሰው ስሙን አንዴ በሃሌታው «ሀ» አንዴ በሐመሩ «ሐ» ይጽፋል፣ ኢሜይሉንም ይቀይራል፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። መዝገቦችን የሚያመሳክረውን ደንብ ራሳችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። የስልክ ቁጥር ከስም የበለጠ ክብደት እንዲኖረው ካደረግሁ ወዲህ ብዙዎቹን እያገኘሁ አዋህጃለሁ።

ስትጭኑት ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው በሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹ በሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ፣ በየጊዜው ሥራ የሚቀሰቅሰው ትእዛዝ ነው። እሱ ካልተስተካከለ የጅምላ ደብዳቤ ተሰልፎ ይቀራል። እኛ ይህን ሳናደርግ የመጀመሪያው ዜና መጽሔታችን 9 ቀን ተቀምጧል፤ ጥፋቱ የራሳችን ነበር። ሁለተኛው የሌቦች ነገር ነው። የተሰረቀ ካርድ ይሠራ እንደሆን ለመሞከር የልገሳ ገጽ ይመቻቸዋል፤ በጣም ትንሽ ገንዘብ እያስገቡ በአንድ ሌሊት መቶ ጊዜ ይሞክራሉ። እውነተኛው የካርዱ ባለቤት ክፍያውን ሲቃወም ተመላሽ ገንዘቡም ቅጣቱም የእናንተ ይሆናል። ዝቅተኛውን የልገሳ መጠን ከፍ አድርጉ፣ ሰው መሆኑን የሚጠይቀውንም ማጣሪያ አብሩ።

ለሁሉም ሰው ግን አልመክረውም። ለአንድ ታማሚ በአስቸኳይ ገንዘብ የምታሰባስቡ ከሆነ እንደ ጎፈንድሚ ባለ የመዋጮ ድረ ገጽ ላይ ዛሬውኑ ገጽ ይከፈታል፤ ሲቪሲአርኤምን ለመልመድ ግን እኔ 3 ወር ፈጅቶብኛል። ከመካከላችሁ ሰርቨር የሚያውቅ ሰው ከሌለም አትጀምሩት፤ ወይም የሚያስተናግድላችሁን ድርጅት ከፍላችሁ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2014 በረዷማ ውኃ ራስ ላይ በማፍሰስ የተደረገው ዘመቻ በጥቂት ሳምንታት ኤኤልኤስ የተባለውን የነርቭ በሽታ ለሚታገለው የአሜሪካ ማኅበር 115 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። የዚያ ዓይነቱን ጎርፍ ሲቪሲአርኤም አያመጣላችሁም። የመጣውን ሰው ስም ግን ይይዝላችኋል።

አሁን ሰኞ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ያልተሳኩ ወርሃዊ ክፍያዎችን መፈለግ ነው። ስትራይፕ ክፍያው እንዳልተሳካ ለሲቪሲአርኤም ያሳውቃል፤ እኔ ዝርዝሩን አውጥቼ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ እጽፋለሁ። ያቺ ሴት ተመልሳልናለች። የካርዷን ማብቂያ ወር ጠይቄያት መዝገቧ ላይ ራሴ በጨመርኩት ቦታ ጽፌዋለሁ። ባለፈው ወር ጊዜው ሲቃረብ አስቀድሜ ጻፍኩላት፤ አዲሱን ካርድ በዚያው ቀን አስገባች።