ያዋጣል ወይ? የአሜሪካው የሕፃናት ምግብ ፕሮግራም ከአንዲት የቤት ውስጥ ማቆያ ባለቤት ዓይን

በሰሜን ቨርጂኒያ ቤቴ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ከፍቼ እሠራለሁ። አዲስ ፈቃድ ያወጡ እህቶች ሲደውሉልኝ ከኢንሹራንሱ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ሲ ኤ ሲ ኤፍ ፒ ስለሚባለው፣ ለልጆቹ ለምናቀርበው ምግብ ስለሚከፍለን የመንግሥት የምግብ ፕሮግራም ነው። «ለዚያች ገንዘብ ያን ሁሉ ወረቀት መሙላት ያዋጣል ወይ?» ይሉኛል። እኔ ያዋጣል ባይ ነኝ፤ ትልቁ ጥቅሙ ግን ገንዘቡ አይደለም።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ገንዘቡ ከፌዴራሉ የግብርና ሚኒስቴር ወጥቶ በክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት በኩል ያልፋል። ቤታችን ውስጥ የምንሠራ ሰዎች ከክፍለ ግዛቱ ጋር በቀጥታ መዋዋል ስለማንችል ስፖንሰር በሚባል ድርጅት በኩል እንገባለን። ስፖንሰሩ ያሠለጥነናል፣ መዝገባችንን ይመረምራል፣ ክፍያውን ያስተላልፍልናል። ለአንድ ልጅ በቀን የሚከፈለው ቢበዛ ለሁለት ማዕድና ለአንድ መክሰስ፣ ወይም ለአንድ ማዕድና ለሁለት መክሰስ ነው።

ክፍያው ላይ ቅሬታ አለኝ። ሁለት እርከን አለ፤ በአንደኛው እርከን ያለች ለአንድ ምሳ ከ3 ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ስታገኝ፣ በሁለተኛው ያለችው 2 ዶላር እንኳ አይሞላላትም። ቁርስ ላይማ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። አንደኛው እርከን ውስጥ ለመግባት ሰፈሩ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች የሚበዙበት መሆን አለበት፤ ለምሳሌ በአካባቢው ትምህርት ቤት ቢያንስ ግማሾቹ ተማሪዎች በነጻ ወይም በቅናሽ ለመመገብ ብቁ ከሆኑ ይበቃል። አለዚያ የባለቤቷ የራሷ ገቢ ከድህነት መስመሩ 185 በመቶ መብለጥ የለበትም። ይህ ክፍፍል በ1996 በወጣ ሕግ የመጣ ነው። በኮሮና ጊዜ ተነሥቶ እስከ ጁን 2023 ድረስ ሁላችንም በከፍተኛው ታሪፍ ተከፈለን፤ ከዚያ ተመለሰ። ወተትና እንቁላል የሚሸጥልን ሱቅ ግን እርከናችንን አይጠይቅም። ሁለተኛው እርከን ላይ የወደቃችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ ወላጆቹ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ልጅ ካለ ለዚያ ልጅ ከፍተኛው ክፍያ ሊታሰብ ይችላል። ስፖንሰራችሁን ጠይቁ፤ ካልተጠየቀ የማይናገር አለ።

አሁን ወደ ሰሃኑ ልምጣ፤ እኔን ፕሮግራሙ ውስጥ ያቆየኝ እሱ ነውና። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ምሳ ላይ አምስት ነገር ይቀርባል፦ ሦስት አራተኛ ኩባያ ወተት፣ አንድ አውንስ ተኩል ሥጋ ወይም ተተኪው፣ ሩብ ኩባያ አትክልት፣ ሩብ ኩባያ ፍራፍሬ፣ እና እህል። ጭማቂ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቆጠርም። ኬክና ኩኪስ ጨርሶ አይቆጠሩም። በቀን ቢያንስ አንዴ የሚቀርበው እህል ሙሉ እህል፣ ማለትም ሽፋኑ ያልተገፈፈ፣ መሆን አለበት። እኛ አገር ቤት ያደግን ሰዎች ልጅ እንጀራውን ከጨረሰ በላ እንላለን፤ ፍራፍሬ ቀምሷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ፕሮግራም በየቀኑ እንድጠይቅ አድርጎኛል።

የራሳችን ምግብ ይቆጠራል ወይ ለሚሉ፦ በደንብ ይቆጠራል። ሦስት ስምንተኛ ኩባያ የበሰለ ምስር ለዚያ ዕድሜ ልጅ የሥጋውን ቦታ ይሞላል። ነገር ግን በአንድ ማዕድ ላይ ምስሩ ወይ በሥጋ ወይ በአትክልት ይመዘገባል እንጂ ሁለቱንም አይሆንም፤ ስለዚህ ከጎኑ ጎመን ወይም ካሮት ይኑር። ጤፍ ሙሉ እህል ነው። እንጀራውን ቤት የምትጋግሩ ከሆነ ግን ዱቄቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ስንት እንጀራ እንደሚወጣው ጽፋችሁ አስቀምጡ። በቃል ማስረዳት አይሠራም።

ብዙዎች የሚፈሩት ጉብኝቱን ነው። የስፖንሰሩ ሠራተኞች በዓመት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይመጣሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሳይነገር ነው። እኔ ጋ የምትመጣው ሠራተኛ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ትገባና መጀመሪያ ልጆቹን ትቆጥራለች። ከዚያ የዕለቱን የመግቢያ ፊርማ ከቁጥሯ ጋር ታስተያያለች፤ ማቀዝቀዣውን ከፍታ የወተቱን ካርቶን አዙራ ታነባለች፤ የአንድ ዓመት ልጅ ካለ ወተቱ ቅባቱ ያልወጣለት መሆኑን ታረጋግጣለች። አንዲት ሕፃን ካሮቷን ወደ ጎን ስትገፋ አይታ፣ «ማቅረብ ነው ግዴታሽ፣ አስገድዶ ማብላት አይደለም» አለችኝ። አስከትላም ለትንንሾቹ ጥሬ ካሮት እንዳያንቃቸው በእንፋሎት እንዳበስለው መከረችኝ። ይህን የሚነግር ሰው ያለ ክፍያ ቤታችሁ ሲመጣ ልትፈሩት አይገባም።

መዝገቡን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የበሉት ልጆች ቁጥርና የምግቡ ዝርዝር በዕለቱ መጻፍ አለበት፤ ሰነዱም ሦስት ዓመት ይቆያል። እኔ ልጆቹ የቀን እንቅልፋቸውን ሲተኙ እጨርሰዋለሁ። አርብን እየጠበቁ የሳምንቱን ሙሉ በአንዴ የሚሞሉ አሉ፤ ሳይነገር የመጣ ጎብኚ የዚያን ቀን ገጽ ባዶ ሲያገኘው ክፍያው ይቀራል።

የፕሮግራሙ ጥሩነትና መጥፎነት ግማሹ በስፖንሰሩ ላይ ነው። መጀመሪያ የነበርኩበት ስልክ አያነሣም ነበር፤ ክፍያም ሲዘገይ ምክንያቱን የሚነግረኝ አልነበረም። አሁን ያለሁበት ጥያቄዬን በዕለቱ ይመልሳል፤ በስልክ የሚሞላ መዝገብም ሰጥቶኛል። ከመፈረማችሁ በፊት እርስ በርስ ተጠያየቁ፤ ሁለት ነገርም በእጃችሁ ይኑር። ስፖንሰሩ ገንዘቡን ከክፍለ ግዛቱ ከተቀበለ በኋላ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለእናንተ ማስተላለፍ አለበት። ለአገልግሎቱም ከእናንተ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ለአስተዳደር ሥራው ለብቻው ይከፈለዋል። ከምግብ ክፍያችሁ ላይ የአገልግሎት ብሎ የሚቀንስ ካጋጠማችሁ ለክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት አመልክቱ፤ ስልኩ ከውላችሁ ላይ ካልተጻፈ ከመፈረማችሁ በፊት አስጽፉት።