ሁለተኛው ቅዳሜ የሚያስመሰግነው ሥልጠና

አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የግል ማሠልጠኛ ለነርሲንግ ተማሪዎች ያዘጋጀውን የሜዲካል ማይክሮባዮሎጂና የኢንፌክሽን መከላከል ሥልጠና፣ ወደ ሆስፒታል ልምምድ ከመውጣቴ በፊት ለአምስት ቅዳሜዎች ተከታትያለሁ። ክፍያው ለተማሪ ኪስ ከበድ ቢልም፣ የሁለተኛው ቅዳሜ ትምህርት ብቻውን ያካክሰዋል ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ዕለት አሠልጣኛችን በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር የሚያበራ ቅባት እጃችንን አስቀብተው እንደ ልማዳችን እንድንታጠብ ካደረጉ በኋላ መብራቱን ሲያበሩት፣ አውራ ጣታችን፣ የጣቶቻችን ጫፍና የጥፍራችን ዙሪያ ቅባቱ እንዳለ ሆኖ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት እጅን በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና በውኃ መታጠብ ደግሞ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል ማለቱን ለፈተና ሸምድደነው ነበር፤ ምክንያቱ የገባን ግን ያን ጊዜ ነው። አምስቱን የእጅ ንጽህና ጊዜያት፣ ማለትም የጤና ባለሙያ እጁን ማጽዳት ያለበትን አምስት አጋጣሚዎች፣ በአሻንጉሊት ታካሚ አልጋ ዙሪያ ስንለማመድም፣ እኔ አንሶላውን ብቻ አስተካክዬ፣ ታካሚውን አልነካሁም በሚል፣ እጄን ሳላጸዳ ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፍኩ፤ የታካሚውን አካባቢ መንካትም እጅን ማጽዳት ከሚያስፈልግባቸው ከአምስቱ አንዱ ስለሆነ ስህተት ነበር። ከባድ ተቅማጥ የሚያስከትለው የክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ባክቴሪያ ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው የእንቅልፍ ቅርጹ) በአልኮል ስለማይሞት በዚህ ባክቴሪያ ለተያዘ ታካሚ ሳሙናና ውኃ እንደሚመረጥ የተብራራውም በዚሁ ቀን ሲሆን፣ ማይክሮባዮሎጂው ከአልጋው ጋር በእርግጥ የተገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ባክቴሪያዎችን ቀለም ቀብቶ በሐምራዊና በቀይ የሚለየው የግራም ቀለም ትምህርት ግን አሳዝኖኛል፤ አንድ ማይክሮስኮፕ ለሃያ ተማሪ ስለነበር፣ ሐምራዊውን ከቀዩ ለመለየት የደረሰኝ ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። መሣሪያዎችን በከፍተኛ ግፊት እንፋሎት ስለሚያመክነው አውቶክሌቭ የተሰጠው ገለጻ በቂ ነበር።

ትልቁ ቅሬታዬ በተሰጠን የሥልጠና ጽሑፍ ላይ ነው። አንድ እጅ 5 በመቶ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ተደባልቆ 0.5 በመቶ እንደሚሰጥ በግልጽ ቢያስረዳም፣ ያገለገሉ የሕክምና መሣሪያዎች ከመታጠባቸው በፊት በዚህ ውህድ ለ10 ደቂቃ ይዘፍዘፉ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ ይህን አይመክርም፤ ደም ክሎሪኑን ያዳክመዋል፣ ክሎሪኑም ብረቱን ይበላዋል። ይህን ባነሣሁ ጊዜ ያገኘሁት መልስ «ሆስፒታሎቻችን የሚሠሩት እንዲህ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

ለመመዝገብ የምታስቡ ተማሪዎች ለማይክሮስኮፕ ልምምድ በስንት ሰው እንደምትመደቡ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሁለተኛውን ቅዳሜ ለብቻው ከፍሎ መማር ይቻል እንደሆነ እኔ ጠይቄ «አይቻልም» ተብያለሁ።