በአንድ ድርሃም የዱባይን ክሪክ መሻገር፦ ረጅም ትራንዚት ላለው ሰው

ዱባይ ላይ ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ትራንዚት ካላችሁ፣ ኤርፖርት ወንበር ላይ አንገታችሁን ሰብራችሁ አትተኙ። ውጡና አብራ ተሳፈሩ። አብራ ዴራና ቡር ዱባይ የሚባሉትን ሁለት ሰፈሮች የሚያገናኝ የእንጨት ጀልባ ነው። ክሪክ የሚሉት ከባሕሩ ወደ ከተማው መሀል የገባ የጨው ውሃ አለ፤ እሱን ያሻግራል። ዋጋው አንድ ድርሃም ነው። በዚህ ዋጋ እንዲህ ዓይነት ደስታ የሚሰጥ ነገር በዚያ ከተማ ውስጥ አላውቅም።

ብዙ ሰው በትራንዚት ሰዓቱ ወደ ቡርጅ ኸሊፋ ነው የሚሮጠው። ሕንፃው ያምራል፣ አልክድም። ግን ትኬቱ ሰዓት የተቆረጠለት ነው፣ ሰልፍ አለ፣ ከሜትሮ ጣቢያው እስከ ዱባይ ሞል፣ ሕንፃው አጠገብ እስካለው የገበያ ማዕከል፣ ያለው መተላለፊያ ብቻውን እግር ይጨርሳል። ሌሊቱን ሙሉ አውሮፕላን ላይ ተቀምጦ ለመጣ ሰው ይከብዳል። ዴራ ግን ለኤርፖርቱ ቅርብ ናት።

እኔ የሄድኩት ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ፣ ከእማዬ ጋር ነው። መጀመሪያ የቪዛውን ነገር ልንገራችሁ። በአሜሪካ ፓስፖርት እዚያው ደርሶ መግባት ይቻላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ቀድሞ ቪዛ ያስፈልገዋል። የ48 እና የ96 ሰዓት የትራንዚት ቪዛ አለ፤ የእማዬን ከመነሳታችን በፊት በአየር መንገዱ በኩል ጨረስን። እዚያ ደርሼ አየዋለሁ ብላችሁ እንዳትተዉት።

ከተርሚናል 1 ወይም 3 ከሆነ የምትወጡት፣ ሜትሮው እዚያው ነው። ተርሚናል 2 ሜትሮ የለውም፤ ታክሲ ያዙ። ኖል የሚባለውን ካርድ በ25 ድርሃም ስትገዙ 19ኙ ውስጡ ሒሳብ ሆኖ ይቀመጣል፣ ለደርሶ መልስ ይበቃል። ቀዩን መስመር ይዛችሁ ዩኒየን ላይ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ በአረንጓዴው መስመር እስከ አል ራስ። ባቡሩ ሹፌር የለውም። እማዬ ፊት ለፊቱን መስኮት ስታይ ቆይታ «ታዲያ ማን ነው የሚነዳው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት አማተበች። ባቡሩ ውስጥ መብላት፣ መጠጣት፣ ማስቲካ ማኘክ እንኳ 100 ድርሃም ያስቀጣል።

ከአል ራስ እስከ ጀልባው በቅመም ገበያው ውስጥ ነው የሚታለፈው። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ሄሉ፣ ሳፍሮኑ፣ የደረቀው ጥቁር ሎሚ፣ ዕጣኑ በጆንያ አፉን ከፍቶ ተደርድሯል። እማዬ ከዕጣኑ አንዲት ፍሬ አንስታ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና አሸተተች፤ ከዚያ ጥቁሩን ትታ ነጣ ያለውን መረጠች። ሻጩ የመርካቶ ሰው እንደመጣበት ወዲያው ገባው፤ ከጠራው ዋጋ ብዙ ወረደ። እናንተም ተከራከሩ። ወርቅ ገበያው አጠገቡ ነው፤ ማየት ጥሩ ነው። ግን «ሰዓት፣ ቦርሳ» እያለ የሚከተል ሰው አይጠፋም፤ ዝም ብላችሁ እለፉ።

መሳፈሪያው ላይ ሙሉ ጀልባ ለብቻችሁ ሊያከራዩ የሚጠሩ አሉ። ያ ሌላ ዋጋ ነው። ሕዝቡ የሚሰለፍበትን ተከተሉ።

ጀልባው መሀሉ ላይ ረጅም አግዳሚ አለው። ሰው ጀርባ ለጀርባ ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ ውሃው አድርጎ ይቀመጣል፤ ሃያ ሰው ገደማ ይይዛል። ነጂው መሀል ላይ ዝቅ ያለች ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። ሒሳብ በእጅ በእጅ ተቀባብሎ ይደርሰዋል። የአንድ ድርሃሙን ሳንቲም ከመስጠታችሁ በፊት ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት፦ የቡና ማንቆርቆሪያ ተቀርጾበታል። እማዬ «ጀበና!» ብላ ሳንቲሟን ለመስጠት ሳሳች። ከቦርሳዬ ሌላ ፈልጌ ከፈልኩላት።

መሻገሪያው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሞተሩ ይንደቀደቃል፣ ነፋሱ ፊት ይመታል፣ ውሃው እግር ሥር ነው፣ ከለላ የለም። አብሮን የተሳፈረው ከሥራ የሚመለስ የሱቅ ሠራተኛ፣ ፌስታል የያዘ፣ ስልኩ ላይ ለቤተሰቡ የሚያወራ ሰው ነው። ጀልባዋን የወደድኩላት በዚህ ነው፤ ለቱሪስት ተብላ የተሠራች አይደለችም። ይህ ክሪክ ዱባይን ዱባይ ያደረጋት ነው። ትልልቅ መርከብ እንዲገባበት መጀመሪያ ተቆፍሮ የጠለቀው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው፤ ነዳጅ የተገኘው ከዚያ በኋላ፣ በ1966። ንግዱ ቀድሟል ማለት ነው።

ጉድለቱንም ልናገር። መውጫና መውረጃው ለጉልበት በሽተኛ ምቹ አይደለም። ጀልባው ይወዛወዛል፣ ከመድረኩ ጋር ክፍተት አለው። እማዬን ነጂው እጇን ይዞ ነው ያሻገራት፤ «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አለችው፣ ሳቅ አለ። ዊልቸር ያለው ሰው ባይሞክረው እላለሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ያኔ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ካልሆነ ቀን ላይ አይታሰብም።

ማዶ ቡር ዱባይ የጨርቅ ገበያው አለ፣ ትንሽ እልፍ ሲሉ አል ፋሂዲ። የአል ፋሂዲ የድሮ ቤቶች ጣሪያቸው ላይ ነፋስ ወደ ታች የሚያወርድ ማማ አላቸው፤ ኤሌክትሪክ ሳይመጣ ቤቱን የሚያቀዘቅዙት በሱ ነበር። ጠባብ መንገዶቹ ውስጥ ጥላ አለ፣ ማረፍ ይቻላል።

ከራባችሁ ግን ቡር ዱባይ አትብሉ። በጀልባው ተመለሱና ዴራ ውስጥ ፍሪጅ ሙራር ወደሚባለው ሰፈር ሂዱ፣ ከባኒያስ ስኩዌር ጣቢያ ብዙ አይርቅም። የሱቁ ጽሑፍ አማርኛ፣ ሽታው የኛ በርበሬ ነው። ባረፉበት ቀን የሚመጡ የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን እዚያ ተሰብስበው ቡና ይጠጣሉ። ከነሱ አንዷ እማዬን ገና ስታይ ተነስታ ወንበር ለቀቀችላት፤ «እናቴ፣ ይቀመጡ» አለቻት። ከየት ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ እስኪባል ሽሮው ቀረበ።

ለመመለስ ከበረራው ሦስት ሰዓት በፊት ኤርፖርት ለመሆን አስቡ። ሻንጣ ይዛችሁ አትዙሩ፤ ተርሚናል 1 እና 3 ላይ በክፍያ ማስቀመጫ አለ። እሑድ ጠዋት የምትደርሱ ከሆነ ደግሞ ሜትሮው የሚጀምረው በኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ለመሄጃው ታክሲ ያዙ።