ዲኤልፒ ወይስ ባለ 3 ኤልሲዲ ፕሮጀክተር?
ሁለቱም ግድግዳ ላይ ምስል ያወጣሉ ግን ውስጣቸው በጣም ይለያያል። ባለ 3 ኤልሲዲው ነጩን ብርሃን በልዩ መስታወት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አርጎ ይከፍለውና እያንዳንዱን በየራሱ ፓነል (ምስሉን የሚሰራ ትንሽ የኤልሲዲ ስክሪን) አሳልፎ በፕሪዝም መልሶ ያገናኘዋል፣ ሶስቱም ቀለም በአንዴ ስለሚወጣ ምስሉ ደማቅ ነው፣ በጣም ደስ ይላል። ችግሩ ሙቀቱ ላይ ነው። ብርሃኑ ፓነሉን አልፎ ስለሚሄድ ፓነሉም ፖላራይዘሩም (ብርሃኑን የሚያጣራው ስስ ሽፋን) ይግላሉ፣ ስለዚህ ፋኑ አየሩን እዛው እነሱ ላይ መንፋት አለበት፣ አየር ከገባ ደሞ አቧራም አብሮ ይገባል። ፊልተሩን ካላጸዳችሁት ምስሉ ላይ ደብዘዝ ያለ ነጠብጣብ ይመጣል፣ ሲብስ ፓነሉ ተጎድቶ ቀለሙ ይበላሻል፣ እባካችሁ ይሄን አትናቁት!

ዲኤልፒ ላይ ያለው ቺፕ (በ1987 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ውስጥ የተፈጠረ ነው) በጥቃቅን መስታወቶች የተሞላ ነው፣ ብርሃኑን ያንጸባርቀዋል እንጂ አያሳልፈውም። ስለዚህ ሙቀቱን ከቺፑ ጀርባ በሂትሲንክ (ሙቀት ስቦ የሚበትን ብረት) ማውጣት ይቻላል፣ የኦፕቲክሱ ክፍልም (ብርሃኑ የሚያልፍበት) አቧራ እንዳይገባበት ሊታሸግ ይችላል። ግን ባለ 1 ቺፑ ቀለሞቹን በየተራ ስለሚያወጣ አንዳንድ ሰው አይኑን ሲያዞር የቀስተ ደመና ብልጭታ ያያል፣ ሌላው ምንም አያይም፣ ከመግዛታችሁ በፊት በራሳችሁ አይን ሞክሩት።

እኔ አቧራ ለሚበዛበት ክፍል የታሸገ ዲኤልፒ ነው የምመርጠው፣ መብራት እየበራ ለሚታይ ስላይድ ግን ኤልሲዲውን።