ቤት ድረስ እየመጣ እናቴን ላስነሳልን ፊዚዮቴራፒስት

አንድ ሰው በአደባባይ ላመሰግን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት የሚሠራ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ነው። እናቴን ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ጀምሮ ከእኛ አልተለየም። ዛሬ ከዘራ ይዛ ከመኝታ ቤቷ እስከ ግቢው በር ትሄዳለች።

ያኔ የቤታችን ወሬ ሁሉ ስለ ማሽን ነበር። ዘመድ በመጣ ቁጥር «ውጭ አገር ውሰዷት፣ እዚያ ደግፎ የሚያራምድ ማሽን አለ» ይለናል። ወንድሜ መኪናውን ሊሸጥ ተነስቶ ነበር። ይህ ልጅ ግን ሁላችንንም አስቀምጦ አስረዳን። አሜሪካ ውስጥ 408 የስትሮክ ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት አለ፤ ውጤቱ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከፊሎቹ ሰውነታቸው በማንጠልጠያ ተደግፎ በትሬድሚል ላይ መራመድ ተለማመዱ። ሌሎቹ ቤታቸው ሆነው ከፊዚዮቴራፒስት ጋር የጥንካሬና የሚዛን እንቅስቃሴ ሠሩ። በዓመቱ ሲታዩ ከሁሉም 52 ከመቶው አረማመዳቸው ተሻሽሏል፤ ማሽኑ ግን ብልጫ አላሳየም። የቤቱም ልምምድ ቀላል አልነበረም። አንዱ ክፍለ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ያውም ለወራት። «መኪናውን ተወው፣ እኔ የምፈልገው ጊዜያችሁን ነው» አለው ወንድሜን። ቤተሰብ ጭንቅ ላይ ሆኖ እንዲህ በእውነት የሚያማክር ባለሙያ ማግኘት መታደል ነው።

ሥራውን ደግሞ ማየት ነው! መጀመሪያ ደም ግፊቷን ይለካል። ከፍ ካለ የዚያን ቀን አያሠራትም። ደህና ከሆነ «ማዘር፣ ዛሬ በራስዎ ይነሱልኛል» ይላታል። ከወንበር መነሳት፣ መቀመጥ፣ ደግሞ መነሳት። ለግራ እጇ የሰጣት ሥራ ለቀማ ነው። በባቄላ አስጀምሯት ወደ ሽምብራ፣ ከዚያም ወደ ምስር አወረዳት። ምስሩን መልቀም የቻለች ቀን እልል ያለችው እሷው ራሷ ናት።

እኛንም አሠልጥኖናል። ስናነሳት የደከመውን እጇን መጎተት ክልክል ነው፤ ትከሻዋ ሊጎዳ ይችላል። ስትሮክ የመታው ሰው ቤታችሁ ካለ እባካችሁ ይህን ያዙልኝ።

«አታድክሟት፣ ትረፍ» የሚሉ ጎረቤቶቻችንንም ቡና ላይ አግኝቶ አስረድቷቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእንቅስቃሴ መመሪያ ለአካል ጉዳተኞች ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ምክር አካቷል። አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመከራሉ። ያን ያህል ያልቻለ በትንሹ ጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምራል። አሁን ጎረቤቶቻችን ራሳቸው ናቸው ግቢ ውስጥ ደግፈው የሚያራምዷት።

ሰዓት ያከብራል። ሂሳቡንም ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ይናገራል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። የሐኪም ወረቀታችሁን አዘጋጅታችሁ ጠብቁት፤ እሱን ሳያይ ሥራ አይጀምርም።