ለኩላሊት ሕሙማን በድሬ መሮጥ፦ ሙሉ ማራቶን ወይስ 10 ኪሎ ሜትር?

የኩላሊት እጥበት አንዴ ተከፍሎ የሚያበቃ ወጪ አይደለም። አብዛኞቹ ታካሚዎች በሳምንት ሦስቴ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ማሽኑ ሥር ይቆያሉ። ለእነሱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ድሬዳዋ ላይ ሩጫ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ርቀቱን ይወስን።

ማራቶን ስሙ ብቻ ኪስ ያስከፍታል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ 42.195 ኪሎ ሜትር እኛ ዘንድ ክብር አለው፤ «በኪሎ ሜትር ይህን ያህል ብር» ብሎ ቃል የሚገባ ዘመድም አይጠፋም። ችግሩ ሙቀቱ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ የተነሣ ጀማሪ ሯጭ ሲጨርስ ረፋዱ 5 ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ የድሬ ፀሐይ ደግሞ ለማንም አታዝንም። ውሃ ማነስ አደገኛ ነው፤ ከልክ በላይ መጠጣትም የደምን ሶዲየም ያወርዳል። ሕመም ለማስታገሥ አይቡፕሮፌን የሚውጡም አሉ፤ ሰውነቱ ውሃ ያጠረው ሰው ሲወስደው የራሱን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ለኩላሊት እየሮጡ!

10 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ያልቃል። የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ለዚህ ይመቻል፤ መሬቱ ሜዳማ ነው፣ የዛፍ ጥላም አለው። ገንዘቡ የሚመጣው ከቲሸርት ሽያጭ ስለሆነ እናቶችም ተማሪዎችም በእርምጃ ይገባሉ። የኅትመት ዋጋው ግን ገቢውን እንዳይበላው አስቀድሞ ይታሰብ።

እኔ 10 ኪሎ ሜትሩን እመርጣለሁ። ማራቶኑን የለመዱ ሁለት ሦስት ሯጮች፣ ሙቀቱ ቀለል በሚልበት በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ለብቻቸው ይሩጡት።